ባሕር የማያይ ውኃ፦ ከቦምቤ ተዳፋት እስከ ቱርካና



የዛሬው ርእሰ ጉዳይ አንድ ቀላል የሚመስል ጥያቄ ነው፤ ቦምቤ ላይ የዘነበ ዝናብ ወዴት ይሄዳል? ጥያቄው የጂኦግራፊ መምህር ለታዳጊ ተማሪ የሚያቀርበው ዓይነት ነው። ነገር ግን የአውሮፓ ሊቃውንት በአሥራ ዘጠነኛው መቶ ክፍለ ዘመን ለሃምሳ ዓመት ያህል ተከራክረውበታል፤ የደቡብ ነገሥታት ድንበራቸውን ተክለውበታል፤ በእኛም ዘመን ከአገሪቱ ታላላቅ ግንባታዎች አንዱ ታንጾበታል። የማቀርበው ሐሳብ በአጭሩ ይህ ነው። የኦሞ ታሪክ እስከ ዛሬ በአብዛኛው የተጻፈው ከመድረሻው ተነሥቶ ነው። ከመነሻው፣ ማለትም ከትንንሾቹ ጅረቶችና ጅረቶቹ ከሚነሡበት ማሳ ተነሥቶ ሲጻፍ ግን ሌላ መልክ ይይዛል። ይህም የአጻጻፍ ስልት ጉዳይ ብቻ አይደለም፤ ለወንዙ ማን ምን ይሠራል፣ ዋጋውስ ለማን ይቆጠራል ለሚለው ጥያቄ የምንሰጠውን መልስ ይለውጣል።

በንግግሬ ውስጥ እንደ አገራችን አቆጣጠር የምጠቅሳቸውን ዓመታት «ዓ.ም.»፣ እንደ አውሮፓውያን የምጠቅሳቸውን ደግሞ «እ.ኤ.አ.» እያልሁ እለያቸዋለሁ።

የምድሩ አቀማመጥ

ወላይታ በሁለት ወንዞች መካከል የተቀመጠ አገር ነው፤ በምሥራቅ ብላቴ፣ በምዕራብ ኦሞ። ብላቴ ከጉራጌ ደጋ ተነሥቶ፣ በሐላባ ቁሊቶ በኩል አልፎ፣ ከ200 ኪሎ ሜትር በላይ ከተጓዘ በኋላ አባያ ሐይቅ ይገባል። ኦሞ በበኩሉ የጊቤንና የጎጀብን ውኃ ሰብስቦ 760 ኪሎ ሜትር ገደማ ከተጓዘ በኋላ ቱርካና ሐይቅ ላይ ያርፋል። በሁለቱ መካከል ከሶዶ ከተማ ራስጌ የቆመውና ቁመቱ ወደ 3,000 ሜትር የሚጠጋው የዳሞታ ተራራ፣ ከእርሱም ወደ ሰሜንና ወደ ደቡብ የሚዘልቀው ደጋማ ጀርባ፣ ዝናቡን እንደ ቤት ጣሪያ ለሁለት ይከፍለዋል። በምሥራቁ ፊት የወረደው ወደ ብላቴና ወደ አባያ ይሄዳል፤ በምዕራቡ ፊት የወረደው የኦሞ ገባር ይሆናል።

ከዚህ ላይ ሊስተዋል የሚገባው የመጀመሪያው ነገር ከሁለቱ አንዱም ባሕር አለመድረሱ ነው። ቱርካና መውጫ የለውም፤ የሚገባበትን ውኃ የሚያጣው በትነት ብቻ ነው። አባያም ሲሞላ ወደ ጫሞ ይተርፋል፤ ጫሞ ሲተርፍ በሰገን በኩል ወደ ጨው ባሕር ይወርዳል፤ ጨው ባሕርም ስሙ ባሕር ይሁን እንጂ የተዘጋ ጎድጓዳ ነው። እንግዲህ ወላይታ ላይ የሚዘንብ ዝናብ በየትም ፊት ቢወርድ በአገር ውስጥ ጀምሮ በመሬት ውስጥ የሚቀር ውኃ ነው። ዓባይ ግብፅ ድረስ፣ ዋቢ ሸበሌ ሶማሊያ ድረስ ሄዶ ይነገርለታል። የወላይታ ውኃ ታሪክ ግን የተዘጋ ታሪክ ነው፤ ከላይ የተጣለበት ነገር ሁሉ ታች አንድ ቦታ ላይ ይጠራቀማል።

ሁለተኛው ነገር የሁለቱ ፊቶች ጥልቀት ልዩነት ነው። ስምጥ ሸለቆ ሲባል ዝቅተኛው ቦታ በዚያ በኩል የሚገኝ ይመስለናል። እውነታው ተቃራኒው ነው። የአባያ ሐይቅ ወለል ከባሕር ጠለል በላይ 1,170 ሜትር ገደማ ላይ ሲገኝ፣ የኦሞ ሸለቆ ግን በወላይታና በዳውሮ መካከል ከ900 ሜትር በታች ወርዶ ነበር። ስለዚህ ወደ ምዕራብ የሚፈሰው ጅረት በአጭር ርቀት ብዙ ይወርዳል፤ ሲወርድም አጥብቆ ይቆፍራል። የምዕራቡ ወላይታ መልክዓ ምድር በገደልና በፈፋ የተቆራረጠው በዚህ ምክንያት ነው። ከአረካ በስተምዕራብ ባለው አገር አጃንቾና ሶኬ የተባሉት ሁለት ወንዞች አጆራ ላይ ጎን ለጎን ከገደል የሚወረወሩበት ትዕይንት የዚሁ ሕግ ውጤት ነው። ጎብኚው ውበቱን ያያል፤ የመልክዓ ምድር ተማሪ ግን ኦሞ ወደ ታች የሳበው ውኃ ደጋውን ምን ያህል ወደ ኋላ እየበላው እንደ መጣ ያነብበታል።

የቦሎሶ ቦምቤ ወረዳ መቀመጫ የሆነችው ቦምቤ የምትገኘው በዚህ በምዕራቡ ፊት ነው። ወረዳው ከደጋው ትከሻ ጀምሮ ወደ ኦሞ ሸለቆ ያዘቀዝቃል። በወላይታ ቋንቋ ወንዝ «ሻፋ» ይባላል፤ ከዚያ ተዳፋት የሚወርዱት ሻፋዎች ብዙዎች ናቸው፤ ስማቸው ግን ከካርታ ይልቅ በነዋሪው አፍ ይኖራል።

ከሩቅ የተጠየቀ ጥያቄ

አሁን ወደ ጽሑፍ ታሪክ እንሻገር። በአሥራ ዘጠነኛው መቶ ክፍለ ዘመን አጋማሽ የኦሞ መድረሻ ለአውሮፓ ጂኦግራፊ እንቆቅልሽ ነበር። ፈረንሳዊው አንቷን ዳባዲ ከወንድሙ ከአርኖ ጋር በኢትዮጵያ ብዙ ዓመታት ከቆየ በኋላ እ.ኤ.አ. በ1846 የጊቤ ምንጭ ዘንድ ደርሶ የነጭ ዓባይን መነሻ አገኘሁ ብሎ አመነ። በእርሱ ስሌት ጊቤና ኦሞ የታላቁ ወንዝ ግንድ ነበሩ። እንግሊዛዊው ቻርልስ ቤክ ይህን አልተቀበለም፤ ክርክሩም በሁለቱ አገሮች የጂኦግራፊ ማኅበራት ዘንድ ሲጋጋል ኖረ። ሌሎች ደግሞ ኦሞ ወደ ህንድ ውቅያኖስ በሚሄደው በጁባ ወንዝ ውስጥ ይገባል ብለው ይገምቱ ነበር።

እ.ኤ.አ. በ1888 ሳሙኤል ቴሌኪና ሉድቪግ ፎን ሆኔል ከደቡብ ተነሥተው ታላቁ ሐይቅ ዘንድ ደረሱና በኦስትሪያው አልጋ ወራሽ ስም «ሩዶልፍ» አሉት። ሐይቁ ዛሬ ቱርካና የሚባለው ነው። ከዚያ በኋላ የቀረው ጥያቄ ከሰሜን የሚገባው ወንዝ ያው ኦሞ መሆን አለመሆኑ ነበር። ይህን በጉዞ ያረጋገጠው ጣሊያናዊው ቪቶሪዮ ቦቴጎ ነው። እ.ኤ.አ. በ1896፣ የአገሩ ጦር አድዋ ላይ ድል በተመታበት በዚያው ዓመት፣ አባያን በንግሥቱ ስም «ማርጌሪታ» ብሎ ሰየመው፤ ከዚያም ኦሞን ተከትሎ እስከ ሐይቁ ወረደ። በሚቀጥለው ዓመት በመጋቢት ወር በወለጋ በኩል ሲመለስ በውጊያ ሞተ። ጥያቄው ግን ተመልሶ ነበር፤ ኦሞ የዓባይ ገባር አይደለም።

በዚህ ክርክር ውስጥ ሁለት ነገሮችን ልብ እንበል። አንደኛ፣ ለእነዚህ ተጓዦች ወንዙ ትርጉም የሚያገኘው በመድረሻው ነበር። የዓባይ ራስ ከሆነ ታላቅ ነው፤ በምድረ በዳ ሐይቅ የሚያልቅ ከሆነ ዝናው ይቀንሳል። በወንዙ ዳርና በገባሮቹ ላይ የሚኖረው ሕዝብ በዘገባዎቻቸው ውስጥ የሚታየው መንገድ መሪ፣ ሸክም ተሸካሚ ወይም እንቅፋት ሆኖ ነው። የስም አሰጣጡም ይህንኑ ይመሰክራል፤ ሁለት የአፍሪካ ሐይቆች በአሥር ዓመት ውስጥ የአውሮፓ ቤተ መንግሥት ሰዎችን ስም ተሸከሙ። ሁለቱም ስሞች ዛሬ ከካርታው ወጥተዋል።

ሁለተኛው ነገር የበለጠ አስተማሪ ነው። ዳባዲ በዘመኑ ተሳስቷል፤ ነገር ግን ስሕተቱ ከጥንቱ እውነት የራቀ አልነበረም። የኋለኛው ዘመን የሥነ ምድር ጥናት እንዳሳየው፣ የምሥራቅ አፍሪካ ዝናብ ከዛሬው በበረታበት ዘመን ቱርካና በብዙ አሥር ሜትሮች ከፍ ብሎ ነበር፤ ሲሞላም በሰሜን ምዕራብ በኩል ሞልቶ ወደ ሶባትና ወደ ነጭ ዓባይ ይተርፍ ነበር። ይህ ግንኙነት እስከ 5,000 ዓመት ገደማ በፊት ድረስ በየጊዜው ይከፈት ነበር። ቱርካና ውስጥ፣ በአባያና በጫሞም፣ የዓባይ ዓሣ የሆነው ናይል ፐርች የሚገኘው የጥንቱ ውኃ ስለተያያዘ ነው። በሰው ልጅ ትዝታ ውስጥ ከዓባይ የተለየው ወንዝ በዓሣው ትዝታ ውስጥ ገና አልተለየም ማለት ይቻላል። ለታሪክ ተማሪ ትምህርቱ ግልጽ ነው፤ የወንዝ መድረሻ ቋሚ አይደለም። ወንዝን በመድረሻው ብቻ የሚገልጽ ታሪክ የአንድ ዘመንን ሁኔታ እንደ ዘላለማዊ ባሕርይ ይወስዳል።

ወንዝ እንደ ድንበር

ከውጭ ተጓዦች በፊት የኦሞን ሸለቆ በሌላ መንገድ ያነበቡት የአካባቢው መንግሥታት ናቸው። ለእነርሱ ወንዙ የሚያልቅበት ቦታ ሳይሆን የሚከለክለው ነገር ነበር ዋናው። ከኦሞ ማዶ ዳውሮ በንጉሥ ሃላላ ስም የሚጠራውን ረጅም የድንጋይ ካብ በኦሞና በጎጀብ አቅጣጫ ዘረጋ። ወላይታም በበኩሉ ሜዳው በተከፈተበት በኩል ካብ ክቦ፣ ጉድጓድ ቆፍሮ፣ በር አቁሞ አገሩን ይጠብቅ ነበር። ካብ የሚካበው ወንዝ ብቻውን በማይበቃበት ቦታ ነው፤ ስለዚህ ካቡን በካርታ ላይ ብናሰፍር የትኛው ወንዝ በየት በኩል እንደሚሻገር በተዘዋዋሪ እናውቃለን። ይህ ለአርኪዮሎጂ ተማሪዎቻችን ገና ብዙ ሥራ ያለበት መስክ ነው።

በ1887 ዓ.ም. ዳግማዊ ምኒልክ በካዎ ጦና ላይ ሲዘምቱ ይህ መከላከያ ሁሉ ተሰበረ። ዘመቻውን አብሮ ተጉዞ ያየው ቫንደርሄይም የተባለ አውሮፓዊ ነጋዴ ጉዞውን በመጽሐፍ አሳትሟል፤ የጭፍጨፋውን ብዛትና የተነዳውን ከብት የሚገልጸው ክፍልም ለማንበብ የሚከብድ ነው። ለዛሬው ርእሳችን የሚያስፈልገው ግን ውጤቱ ነው። ከዚያ ቀን ጀምሮ ኦሞና ብላቴ የመንግሥት ድንበርነታቸው አበቃ፤ የአስተዳደር ወሰን ብቻ ሆነው ቀሩ። ድንበር ሲፈርስ ግን የሸለቆው ጠባይ አብሮ አልፈረሰም። ወባና የከብት ገንዲ ሰዉን ከቆላው አርቀው ደጋው ላይ ያከማቹት ነበር፤ ከድሉም በኋላ የመሬት ሥሪቱ ተለውጦ ገባሩ በደጋው ላይ እየተጨናነቀ ሄደ።

ይህን መጨናነቅ ለማቃለል የተሞከረው ትልቁ ዕቅድ እ.ኤ.አ. በ1970 በዓለም ባንክ ድጋፍ የተጀመረው የወላይታ እርሻ ልማት ድርጅት፣ በብዙዎች ዘንድ «ዋዱ» በሚል አጭር ስሙ የሚታወቀው ነው። ድርጅቱ ከደጋው ሰዎችን ወስዶ ያሰፈረባቸው ሁለቱ ቆላዎች አበላና በሌ ናቸው። አበላ በምሥራቁ ፊት ከአባያ በላይ ይገኛል፤ በሌ በምዕራቡ ፊት ወደ ኦሞ ነው። ዕቅድ አውጪዎቹ በዚህ ቋንቋ ባይናገሩትም የሰፈራው ካርታ የውኃውን ክፍፍል ተከትሎ ነበር፤ የሞላው የደጋ ሕዝብ እንደ ዝናቡ በሁለቱም ፊት ወደ ታች ወረደ።

ከመነሻው ሲታይ

እስከ አሁን ያየነው ወንዙን ከመድረሻውና ከዳርቻው ነው። አሁን ከምንጩ እንየው።

በዳሞታ ተራራ ደቡብ ምዕራብ ገጽ ላይ ሞቼና ቦራጎ የተባለ ዋሻ አለ። በዚያ የተደረጉት ቁፋሮዎች ሰው ከ40,000 ዓመታት በፊት ጀምሮ ቦታውን እየተመላለሰ እንደተጠቀመበት አሳይተዋል። ተመራማሪዎቹ ያቀረቡት አንዱ መላምት፣ ቆላው በደረቀባቸው ዘመናት ዝናቡ ያልተቋረጠበት የደቡብ ምዕራብ ደጋ ለሰው መጠጊያ ነበር የሚል ነው። መላምቱ ገና በጥናት ላይ ቢሆንም የሚያነሣው ነጥብ ይያዝልን፤ በዚህ አገር የሰው ታሪክ የጀመረው በወንዝ አፍ ሳይሆን በምንጭ አጠገብ ሊሆን ይችላል።

የወላይታ ገበሬ እርሻ ራሱ ለተዳፋትና ለውኃ የተሰጠ መልስ ነው። ከቤቱ አጠገብ፣ እንሰቱ በሚተከልበት ቦታ ያለው አፈር በየዕለቱ በሚጨመርለት የከብት ፍግና የቤት ጥራጊ ጠቁሮ ይለማል፤ ይህ «ዳርኳ» ይባላል። ከቤቱ ራቅ ብሎ እህልና ሥራሥር የሚዘራበት፣ ፍግ የማይደርሰው መሬት «ሾቃ» ነው። እንሰት ሰፊ ቅጠሉ የዝናቡን ጡጫ ይሰብራል፤ ሥሩ አፈሩን ይይዛል። የሾቃው መሬት ግን ጎርፍ ቶሎ ያጥበዋል። ቤተሰብ ሲበዛ፣ ማሳ ሲጠብብ፣ ከብት ሲቀንስ ፍጉ ይቀንሳል፤ ዳርኳው ይጠባል፤ ታራሹ ወደ ተዳፋቱ ይወጣል። ያን ጊዜ ትንሿ ፈፋ ቦረቦር ትሆናለች። በ1977 ዓ.ም. የረኀብ ዘመን ይህ ለምለም የሚመስል አገር ሳይቀር የተራበው ልምላሜና ጥጋብ አንድ ስላልሆኑ ነው።

አፈሩ ወዴት ሄደ? ጅረቱን ተከተሉት። ቀድሞ ወደ ኦሞ ወርዶ በየዓመቱ ክረምት ከወንዙ ሙላት ጋር ታችኛው ኦሞ ይደርስ ነበር። በዚያ ዳሰነች፣ ሙርሲ፣ ኛንጋቶም፣ ካራና ሌሎችም ሕዝቦች ሙላቱ ሲሸሽ በቀረው ርጥብ ደለል ላይ ማሽላና በቆሎ ይዘሩ ነበር፤ ይህም የውኃ ሸሽ እርሻ ነው። እንግዲህ ደጋው ያጣው አፈር ለቆላው ማሳ ነበር። ማንም ያልፈረመው፣ ሁለቱም ወገኖች ምናልባት ሳይተዋወቁ የኖሩበት ውል በወንዙ ውስጥ ይፈስ ነበር ማለት ነው።

ይህ ውል በእኛ ዘመን ተቋረጠ። በወላይታና በዳውሮ መካከል የተሠራው የጊቤ ሦስት ግድብ ከ2007 ዓ.ም. ጀምሮ ውኃ መያዝ ጀመረ፤ በታኅሣሥ 2009 ዓ.ም. ተመረቀ። ቁመቱ ከ240 ሜትር በላይ፣ የማመንጨት አቅሙ 1,870 ሜጋ ዋት ነው። ከኋላው የተኛው ሰው ሠራሽ ሐይቅ በሸለቆው ውስጥ 150 ኪሎ ሜትር ገደማ ይዘልቃል፤ ከ14 ቢሊዮን ሜትር ኩብ በላይ ውኃ ይይዛል። ለአገራችን የኤሌክትሪክ ኃይል ያስገኘውን ጥቅም ማንም አይክድም። በታችኛው ኦሞ የተፈጥሮ ሙላቱ ከወትሮው መልክ መውጣቱና የውኃ ሸሽ እርሻው መጎዳቱም እንዲሁ የሚካድ አይደለም። ወደ ቱርካና ከሚገባው ውኃ አብዛኛው የኦሞ ስለሆነ፣ ጉዳዩ ከኬንያ ጋርም የሚያያዝ ነው። በዚህ ክርክር ዙሪያ ብዙ ተጽፏል። የተጻፈው ግን፣ ልክ እንደ ዳባዲና እንደ ቤክ ዘመን፣ በአብዛኛው ወንዙን ወደ ታች እያየ ነው።

ወደ ላይ ብንመለከትስ? ከቦምቤ ተዳፋት የሚወርደው ጅረት መድረሻው እንደገና ተለውጧል። ውኃው ከተርባይኑ አልፎ ጉዞውን ይቀጥላል፤ አፈሩ ግን ከሐይቁ ወለል ላይ ይቀራል። እንግዲህ የግድቡ ዕድሜ ከሚወሰንባቸው ነገሮች አንዱ ከላይ ያለው ገበሬ በማሳው ላይ የሚሠራው እርከን ነው። በየዓመቱ በበጋ ወራት በዘመቻ የሚካሄደው የተፋሰስ ልማት ሥራ ለገበሬው የሚነገረው የራሱን መሬት ለማዳን እንደሆነ ነው። እውነት ነው፤ ግማሽ እውነት ግን ነው። ያ ገበሬ ድንጋይ ሲክብና ቦረቦር ሲደፍን ለራሱ ብቻ ሳይሆን በአዲስ አበባ መብራት ለሚያበራውም ይሠራል። የመጀመሪያው ሥራ እንደ ግዴታ ሲቆጠር፣ ሁለተኛው እንደ አገልግሎት መቆጠር አለበት።

ይህ ሕልም አይደለም፤ ምሳሌው በዚሁ በወላይታ ምድር፣ በሌላው ፊት አለ። በሁምቦ 2,728 ሄክታር የተራቆተ ተራራ በነዋሪዎቹ ኅብረት ሥራ ማኅበራት ጥበቃ እንዲያገግም ተደርጎ፣ ፕሮጀክቱ እ.ኤ.አ. በ2009 በዓለም አቀፍ የካርቦን ሥርዓት ተመዝግቧል፤ ደኑ ለሚይዘው ካርቦን ማኅበራቱ ክፍያ አግኝተዋል። አባያን በሚያየው ፊት አየር ላይ ለሚቀነስ ጋዝ ዋጋ መተመን ከተቻለ፣ ኦሞን በሚያየው ፊት ከሐይቅ ለሚቀር ደለል ዋጋ መተመን ከባድ አይሆንም። ደለል ከካርቦን ይልቅ በዓይን የሚታይ፣ በእጅ የሚታፈስ ነገር ነው።

ለተመራማሪዎች የቀረ ሥራ

በመጨረሻ ለተማሪዎቻችን ሦስት ሥራዎችን ልጠቁም። አንደኛው የስም መዝገብ ነው፤ በምዕራብ ወላይታ የሚወርዱትን ሻፋዎች ከነዋሪው አፍ፣ ከምንጫቸው እስከ መጋጠሚያቸው፣ በየስማቸው መመዝገብ። ስም የሌለው ጅረት ሲደርቅ የሚመዘግብለት የለም። ሁለተኛው የአፈር መዝገብ ነው፤ ሽማግሌዎች በወጣትነታቸው የዘለሏትን ፈፋ ዛሬ ልጆቻቸው በድልድይ እንደሚሻገሯት ይናገራሉ፤ ይህን ምስክርነት ከአየር ፎቶግራፍና ከሳተላይት ምስል ጋር ማስተያየት የታሪክና የጂኦግራፊ ክፍሎች አብረው ሊሠሩት የሚገባ ነው። ሦስተኛው የወንዙን ሁለት ጫፎች ማገናኘት ነው፤ የቦምቤ ገበሬና የዳሰነች አራሽ በአንድ ውኃ ላይ ኖረው በአንድ ጥናት ውስጥ እምብዛም አልተገናኙም።

አንድ ተቃውሞ ሊነሣ እንደሚችል አውቃለሁ፤ ትንንሽ ጅረቶችን መቁጠር የታሪክን ትልቅ ጥያቄ ያሳንሳል ይባል ይሆናል። መልሴ ከላይ የተናገርሁት ነው። ትልቁን ጥያቄ የጠየቁት ሰዎች ኦሞ የት እንደሚያልቅ በትክክል አወቁ፤ እነርሱ ባወቁት በመቶ ሃያ ዓመት ውስጥ ግን ግድቡ የውኃውን መልክ ለወጠው፤ የደለሉንም መድረሻ ወደ ላይ አመጣው። ያልተለወጠው መነሻው ነው። ዝናቡ ዛሬም ቦምቤ ላይ ይዘንባል፤ ወደ ኦሞ የሚወርደው ጥርት ብሎ ወይም ደፍርሶ መሆኑ የሚወሰነውም እዚያው፣ ከመጀመሪያው ማሳ ጫፍ ላይ ነው።